ጊደሯ ትሸጥ ወይስ ጎማው ይነፋ?

ስለ ብስክሌት ክብደት፣ ስለ ጎማውና ስለ ፍጥነቱ



ከቦንጋ ወደ ሚዛን የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሰው የውሽውሽን የሻይ እርሻ ካለፈ በኋላ ሺሺንዳን ያገኛታል። ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁባት፣ ዝናብ የማይለያት፣ ደንና ቡና የከበባት ከተማ ናት። እኛም ቀን በትምህርት ቤት ሳይንስ፣ ማታ በመድረሳ ቁርኣን ስናስተምር ከልጆቹም ከወላጆቹም ጋር ቤተሰብ ሆነናል።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት ስንወጣ የአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን አባት በመስጊዱ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ይምከሩኝ» አሉን። «ልጄ በየቀኑ ሩብ ሰዓት እየዘገየ ይቀጣል። ምክንያቱን ብጠይቀው ‹ብስክሌቱ ከባድ ነው፣ እንደ ጎረቤታችን ልጅ ቀላል ካልተገዛልኝ በሰዓቱ አልደርስም› ይለኛል። እኔ ዘንድ ያለችው አንዲት ጊደር ናት። ልሽጣት ወይስ ይቅር?»

ጊደር ለገበሬ ቤት ምን እንደሆነች የማያውቅ የለም። የነገ ወተት ናት፤ የክፉ ቀን መድረሻም ናት። በሌላ በኩል ደግሞ የልጁ ትምህርት አለ። ስለዚህ በግምት መልስ መስጠት አልፈለግንም። «አባቴ፣ የገበያው ቀን ከመድረሱ በፊት እስቲ ብስክሌቱን እንየው» አልናቸው።

ከዚያ በኋላ ያየነው ለእኚህ አባት ብቻ ሳይሆን ለብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እነሆ ጽፈነዋል።

ሁለቱ ብስክሌቶች በቡና ሚዛን ላይ

የልጁ ብስክሌት ጅማ ከሚኖሩ አጎቱ የመጣ፣ ሁላችንም የምናውቀው ጥቁሩ ፎኒክስ ነው። ጎማው ባለ 28 ኢንች፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ፣ ካቴናው በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ብስክሌት ደግሞ ባለ 26 ኢንች፣ ባለ ማርሽ፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም የሆነው «ማውንቴን» የሚባለው ነው። ሁለቱንም ወስደን ቡና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ሰቀልናቸው። ጥቁሩ ወደ 20 ኪሎ፣ ማውንቴኑ ወደ 15 ኪሎ መዘኑ። እንግዲህ ልጁ «ከባድ ነው» ያለው ውሸት አይደለም፤ የ5 ኪሎ ልዩነት አለ።

ይሁን እንጂ ጥያቄው «ከባድ ነው ወይ?» ሳይሆን «ያዘገየው ክብደቱ ነው ወይ?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ሄድን። ከሜዳው ዳር ካለች ትንሽ ተዳፋት ላይ አንድ መስመር አሰመርን። ልጁ በየተራ በሁለቱ ላይ እየተቀመጠ፣ ፔዳል ሳይመታ፣ ከዚያች መስመር ተነሥቶ ራሱ እስኪቆም እንዲንከባለል አደረግን። በቆመበት ቦታ ድንጋይ አስቀመጥን።

በመጀመሪያው ሙከራ ማውንቴኑ ጥቁሩን በብዙ እርምጃ በለጠው። ልጁ ደስ ብሎት «አላልኳችሁም?» አለ።

ቀጥለን ጥቁሩን ብስክሌት መረመርን። የኋላው ጎማ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን በአንድ ወገን ይነካል። ካቴናው ዝጎ ይጮኻል። በፖምፓ ጎማዎቹን ነፋን፣ ላስቲኩን አላቀቅን፣ ካቴናውን በጨርቅ ጠርገን ዘይት ቀባን። የወሰደብን ጊዜ ከዐስር እስከ መግሪብ ካለው ጊዜ ግማሽ አይሞላም። ከዚያ ልጁ በድጋሚ ከመስመሩ ተነሥቶ ተንከባለለ። ብስክሌቱ የራሱን ድንጋይ አለፈ። የማውንቴኑንም ድንጋይ አለፈ! ልጆቹ ጮኹ፤ ልጁ ግን ዝም አለ።

በሜዳ ላይ የሚይዘን ምንድን ነው?

ለመሆኑ 20 ኪሎው 15 ኪሎውን እንዴት አለፈው? ብስክሌት በሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ክብደቱ ያን ያህል አይዘውም። የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ነፋስ ነው። ሁለተኛው የኩሽኔታ፣ የካቴናና የፍሬን ሰበቃ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የጎማው መሰርጎድ ነው። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይጨፈለቃል፣ መልሶም ይቃናል። በዚህ መጨፍለቅና መቃናት ውስጥ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ጎማው በላላ መጠን የሚጠፋውም ይበዛል። የማውንቴኑም ጥርሳም ጎማ እያንዳንዱ ጥርስ በተጨፈለቀ ቁጥር የበኩሉን ጉልበት ይበላል።

በቁጥር እንየው። ልጁ ከነደብተሩ 50 ኪሎ ቢሆን ከጥቁሩ ብስክሌት ጋር 70 ኪሎ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በደንብ የተነፋ ጎማ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ወደ 23 ዋት ይወስድበታል እንበል። ብስክሌቱን በ5 ኪሎ ብናቀልለት የሚተርፍለት አንድ ተኩል ዋት ገደማ ብቻ ነው። ጎማው ላልቶ ተቃውሞው እጥፍ ቢሆን ግን ሌላ 23 ዋት ይጨመርበታል። ስለዚህ አንድ ፖምፓ በሜዳ ላይ የአምስት ኪሎ ብረትን ልዩነት ብዙ ጊዜ እጥፍ ያስከነዳል።

በባሕር ዳርና በሐዋሳ ብስክሌት የብዙ ሰው መጓጓዣ የሆነው ከተሞቹ ሜዳማ ስለሆኑ ነው። በእነዚያ ከተሞች ከባዱ ብስክሌት ዕቃና ሰው ጭኖ ሲውል ክብደቱን የሚከስሰው የለም።

ይህ የጎማ ነገር ከአንድ አባት ለልጁ ማሰብ የተገኘ መሆኑም ይገርማል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ፣ ልጁ በድፍን ጎማ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሲንገጫገጭ አይቶ አየር የተሞላ ጎማ ሠራለት። ከመግጠሙ በፊት አዲሱንና አሮጌውን ጎማ በግቢው ውስጥ አንከባሎ አየ፤ ባለ አየሩ ርቆ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ዊሊ ሂዩም የሚባል ብስክሌተኛ በዚሁ ጎማ ውድድር አሸነፈ። እኛም በሺሺንዳ ሜዳ ላይ ያደረግነው ያንኑ ሙከራ ነው።

ትልቅ ጎማ ወይስ ትንሽ?

ከተማሪዎቹ አንዷ «ጥቁሩ ያሸነፈው ጎማው ትልቅ ስለሆነ አይደለም ወይ?» ስትል ጠየቀችን። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ባለ 28 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2 ሜትር ከ23 ሳንቲም ይሄዳል። ባለ 26ቱ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም፣ ባለ 20ው 1 ሜትር ከ60 ሳንቲም ይሄዳሉ። በድሮ ጊዜ፣ ካቴና ሳይኖርና ፔዳሉ በቀጥታ በፊት ጎማ ላይ ተተክሎ ሳለ፣ ፍጥነት የሚገኘው ጎማውን በማተለቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ጎማ ላይ እንደ ፈረስ ይወጡ ነበር፤ ሲወድቁም እንደዚያው ነበር። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን፣ ሁለት ተመጣጣኝ ጎማ ያለውንና በካቴና የኋላውን ጎማ የሚያዞረውን ብስክሌት ካወጣ ወዲህ ግን ፍጥነትን የሚወስነው የጎማው ትልቅነት ብቻ መሆኑ ቀረ። የካቴናው ጥርሶች ሥራውን ተረከቡ።

ታዲያ የጎማ መጠን ፋይዳው ምንድን ነው? ዋናው ነገር ስሜቱ ነው። ትልቅ ጎማ ጉድጓድና ድንጋይ ሲያገኝ በቀስታ ይወጣዋል፤ ትንሹ ግን ይገባበታል፤ እጅና ወገብን ይነርታል። በኮረኮንች መንገድ ላይ ባለ 28ቱ «ይንሳፈፋል» የሚባለው ለዚህ ነው። ትንሽ ጎማ በበኩሉ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ከቆመበት ቶሎ ይነሣል፤ በጠባብ ቦታም ይታጠፋል። ለሕፃናት የሚመቸውም እሱ ነው፤ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ይደርሳልና።

ስለ አነሣስ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ከጎማው ዳር ያለ ክብደት ሁለት ሥራ አለበት፤ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይዞራልም። ስለዚህ ብስክሌት ከቆመበት ሲነሣ በጎማና በቸርኬ ላይ ያለ አንድ ኪሎ፣ በአጥንቱ ላይ እንዳለ ሁለት ኪሎ ያህል ይሰማል። ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት ሲነሡ «ይጎትታል» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ፍጥነቱ አንዴ ከተረጋጋ በኋላ ግን ይህ ልዩነት ይጠፋል። በየሥፍራው ለሚቆምና ለሚነሣ ሰው ይሰማዋል፤ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ተማሪ ግን ብዙም አይደለም።

ዳገት ሲመጣ

እስካሁን ለጥቁሩ ብስክሌት ጠበቃ ሆነን ቆይተናል። ይሁንና እውነቱን መናገር ይገባናል። ሺሺንዳ ባሕር ዳር አይደለችም፤ የልጁም መንገድ ዳገት አለበት። በዳገት ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 70 ኪሎ የሚወስደው ሥራ 68,600 ጁል ነው፤ 65 ኪሎ ደግሞ 63,700 ጁል ነው። ልዩነቱ ከመቶ 7 ያህል ነው። ልጁ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ 100 ዋት ቢያወጣ፣ በጥቁሩ 11 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፣ በቀላሉ 10 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ይወስድበታል። እንግዲህ 5 ኪሎ በ100 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያተርፈው 49 ሴኮንድ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን ሩብ ሰዓት አይደለም!

ይህን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ስናሠራቸው አንዱ ተማሪ የልጁን ቦርሳ አንሥቶ መዘነው። የማያስፈልጉትን መጻሕፍት ሁሉ ይዞ ይመላለስ ኖሯል! ሁለት ኪሎ ከቦርሳ መቀነስ ሁለት ኪሎ ከብስክሌት እንደመቀነስ ነው፤ ዳገት አይለያቸውም፤ ዋጋው ግን በነፃ ነው።

ሌላው መፍትሔ ጥርሱ ነው። የፊቱ ጥርስ 48፣ የኋላው 20 ቢሆን፣ ባለ 28 ጎማ በአንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር ከ35 ሳንቲም ይሄዳል። የኋላው ወደ 22 ጥርስ ቢለወጥ 4 ሜትር ከ87 ሳንቲም ይሆናል። እግሩ ላይ የሚሰማው ጫና በዚያው ፔዳል ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ሥራው በጠቅላላ አልቀነሰም፤ እንደ ደረጃ ከፍታው ብቻ ዝቅ ብሎ ቁጥሩ በዝቷል። ጉልበት ያነሰው ልጅ ግን ከመውረድና ከመግፋት ይድናል። የማውንቴኑ ትልቁ ጥቅምም ከክብደቱ ይልቅ ማርሹ ነው።

የዓለም ብስክሌተኞችም ዳገትን ያከብራሉ። ሀገራችን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1956 የሜልቦርን ውድድር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈው ነበር። በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ዛሬ ለእነዚህ ታላላቅ ውድድሮች የሚፈቀደው ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ ማነስ አይችልም። ይህ ደንብ ከ2000 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ሠሪዎች ለማቅለል ብለው ጥንካሬን እንዳይሠዉ ይከለክላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ እነዚሁ ተወዳዳሪዎች ቀጭኑን ጎማ ትተው ሰፋ ወዳለው ዞረዋል። በሻካራ መንገድ ላይ ከመጠን በላይ የደረቀ ጎማ ስለሚዘልና ሰውነትን ስለሚያንገጫግጭ ጉልበት ያባክናልና።

ቁልቁለት ግን ሌላ ነው

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡት።

እኛ ተማሪ ሳለን አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ፣ እንደዚሁ ባለ ከባድ ብስክሌት፣ ጓደኛችንን በኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጠን ቁልቁለት ወረድን። ፍሬን ስንይዝ ብስክሌቱ እንዳልተያዘ ሆኖ ሄደ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ቦይ ውስጥ ገባን። እኛ በጭረት ተረፍን፤ የጓደኛችን እጅ ግን ተሰበረ። ያን ዓመት ፈተናውን በግራ እጁ ለመጻፍ ሲታገል ማየቱ እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም። የነዳነው እኛ ነበርንና።

ምክንያቱን ያወቅነው ኋላ ነው። የእነዚህ ብስክሌቶች ቸርኬ የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ብረቱ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል፤ በደረቅ የሚይዘውን ያህል አይዝም። ክብደቱ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 70 ኪሎ የነበረው 50 ኪሎ ጓደኛ ሲጨመርበት 120 ኪሎ ይሆናል፤ ያው አንድ ፍሬን ነው ይህን ሁሉ የሚይዘው። ፍጥነትም እንደዚያው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ በአጭሩ ክብደት በሜዳ አይታይም፤ በዳገት ላብ ያስከፍላል፤ በቁልቁለት ግን ነፍስ ሊጠይቅ ይችላል። ልጆቻችን «ከባድ ነው» ብለው የሚያማርሩት ዳገት ላይ ነው። የሚያሰጋቸው ግን የሚደሰቱበት ቁልቁለት ነው።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የሚከተሉትን እንመክራለን።

1ኛ. ጎማውን በየሳምንቱ ይፈትሹ። ጁምዓን ቀጠሮ ማድረግ ይቻላል። በጎማው ጎን ላይ የሚበቃው የአየር ግፊት ተጽፏል፤ በማውንቴን ጎማዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ የሚል ነው። በኮረኮንች መንገድ ወደ ዝቅተኛው፣ በአስፋልት ወደ ከፍተኛው ማስጠጋት ይሻላል። መለኪያ ከሌለ አውራ ጣት ሲጫኑት በጥቂቱ ብቻ የሚሰረጉድ ይሁን።

2ኛ. ጎማውን ከመሬት አንሥተው ያዙሩት። ፍሬን ከነካ ወይም ከተወላገደ ለጠጋኝ ያሳዩት። ጎማው ፈጥኖ የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ ፈልጓል።

3ኛ. የፍሬኑ ላስቲክ ካለቀ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። ከሁሉም ነገር ርካሹና የማይታለፈው እሱ ነው።

4ኛ. በዝናብ ቁልቁለት ላይ ገና ከሩቁ ፍሬኑን በየጊዜው ነካ እያደረጉ ቸርኬውን ማድረቅ ይገባል። ቁልቁለቱ ከባድ ከሆነ ወርዶ መግፋት ነው። በዚህ የሚሳለቅ ቢኖር ይሳለቅ። ጓደኛ ጭኖ መውረድ ደግሞ ፈጽሞ ይቅር።

5ኛ. አዲስ የሚገዛ ቤተሰብ ከቀለሙና ከማርሹ ብዛት በፊት የልጁን ቁመት፣ የፍሬኑን አያያዝና የመለዋወጫውን መገኘት ይመልከት። ለሴት ልጆቻችን ከሆነ የካቴና መሸፈኛ ያለውና መሐል ብረቱ ዝቅ ያለው ይመረጣል፤ ጅልባብም ሆነ ረጅም ቀሚስ በካቴና ወይም በጎማው ሽቦ እንዳይያዝ ይጠብቃል።

ጊደሯስ?

በማግስቱ ጧት ልጁ በዚያው በጥቁሩ ብስክሌት፣ በቀለለ ቦርሳና በተነፋ ጎማ መጣ። ሰልፍ ሳይጀመር ደረሰ። ሁልጊዜም እንዲህ ሆነ አንልም፤ ዳገቷ አሁንም እያስወረደች ታስገፋዋለች፤ በከባድ ዝናብም ይዘገያል። ሩብ ሰዓቱ ግን ቀረ።

አባትየው ገበያ የወጡት ጊደሯን ሊሸጡ ሳይሆን ሁለት ጥንድ የፍሬን ላስቲክና አንድ ባለ 22 ጥርስ ብረት ሊገዙ ነበር። ሲመለሱ አግኝተናቸው፣ «ኡስታዝ፣ ልጄን ዋሸኝ ብዬ ልቆጣው ነበር» አሉን።

«አልዋሸም አባቴ» አልናቸው። «የከበደው እውነት ከብዶት ነው። ያላወቀው ምን እንዳከበደው ነው።»

ውድ ወላጆች፣ ልጅ «ከበደኝ» ሲል ወዲያው መግዛትም፣ ወዲያው መቆጣትም ያሳስታል። አብሮ ቁጭ ብሎ፣ ጎማውን በአውራ ጣት ተጭኖ ማየት ይቀድማል። አላህ ልጆቻችንን ከመንገድ አደጋ ይጠብቅልን፤ ለዕውቀት የሚመላለሱበትንም መንገድ ያቅናላቸው።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።